ከመፈረም በፊት ማንበብ፣ ከፈረሙ በኋላ መከታተል



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። የባልቲሞርን ቻርተር በፊርማ የማሻሻል መብትም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢጮህ ሰሚ የለውም። 10,000 ሰው ከፈረመ ግን ከንቲባውም ሆነ ምክር ቤቱ ባይወዱት እንኳ ጥያቄው ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። በየገበያው በርና በየአውቶቡስ ማቆሚያው ወረቀት ይዘው «እስቲ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» የሚሉ ሰዎች ስለሚያጋጥሙን፣ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይበጀናል።

ቻርተር ማለት የከተማው መተዳደሪያ ደንብ ነው። እድር ደንብ እንዳለው ሁሉ ከተማም አለው። የከንቲባው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው፣ ምክር ቤቱ ስንት አባል ይኑረው፣ በጀት እንዴት ይጽደቅ የሚለው እዚያ ላይ ተጽፏል። በሜሪላንድ ሕገ መንግሥት መሠረት ይህ ደንብ የሚሻሻልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ምክር ቤቱ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ሁለተኛው 10,000 የተመዘገቡ መራጮች ሲፈርሙ ነው። በሁለቱም መንገድ የመጨረሻው ዳኛ ሕዝብ ነው። ፊርማው ጥያቄውን ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ያወጣዋል እንጂ ሕግ አያደርገውም። ሕግ የሚሆነው በምርጫው ቀን አብዛኛው ድምፅ ሰጪ ሲደግፈው ነው።

ይህ መንገድ ሥራ ሠርቷል። በፈረንጆች 2002 በፊርማ በመጣ ጥያቄ የምክር ቤቱ አመራረጥ ተለወጠ። ቀድሞ ከ6 ወረዳ በሦስት በሦስት ይመረጡ የነበሩት 18 አባላት ቀርተው፣ በ14 ወረዳ አንዳንድ ተመራጭ ሆነ። ዛሬ ቆሻሻ ሳይነሣ ሲቀር የምንጠይቀው የወረዳ ተመራጭ አንድና የታወቀ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ2016 ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት የሚሠራበት የገንዘብ ቋት በቻርተሩ እንዲገባ ተፈርሞ፣ ሕዝቡም በከፍተኛ ድምፅ አጸደቀው። ነገር ግን ቋቱ ተቋቋመ እንጂ ገንዘብ አልነበረበትም። በ2018 ቤትና ሕንፃ ሲሸጥ ከሚከፈል ተጨማሪ ቀረጥ ገንዘብ እንዲገባበት የተደረገው ሰዎቹ ስላልተኙ፣ ምክር ቤቱን ደጅ ስለጠኑና ስለተከራከሩ ነው። ፈርሞ ወደ ቤት መግባት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ቁጥር መሙላት ብቻም አይበቃም። በ2024 ልጅ ለወለዱ ሰዎች ቢያንስ 1,000 ዶላር ይሰጥ የሚል ማመልከቻ ከ10,000 በላይ ፊርማ አግኝቶ ነበር። የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ይህ የምክር ቤቱ ሥራ ነው እንጂ የቻርተር ጉዳይ አይደለም ብሎ ከድምፅ መስጫው አስወጣው። በዚያው ዓመት የምክር ቤቱን ወረዳዎች ከ14 ወደ 8 ለመቀነስ የቀረበው ጥያቄ ደግሞ ፊርማው ሞልቶ ለድምፅ ቢበቃም፣ ሕዝቡ አይሆንም ብሎ ጣለው።

እንግዲህ ልብ እንበል። በ2020 ቆጠራ ከተማችን ከ580,000 በላይ ሕዝብ ነበራት። ከዚህ ሁሉ ሰው 10,000 ፊርማ ብዙ አይደለም። ድሃ ተሰብስቦ ሊሞላው ይችላል፤ ባለገንዘብም ፊርማ ሰብሳቢ ቀጥሮ ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። ማን ነው ያመጣው? ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? የቱን የቻርተር ክፍል ነው የሚለውጠው? ሰብሳቢው በአፉ የሚነግረን ሌላ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ እንዳይሆን ጽሑፉን እናንብብ። እንግሊዝኛው የከበዳቸው እናቶችና አባቶች ካሉ፣ ልጆች ያንብቡላቸው፤ ወይም ወረቀቱን ለማኅበሩ አምጡትና አብረን እናየዋለን።

ለመፈረም የወሰነ ሰው ስሙን በመራጮች መዝገብ ላይ እንዳለው አድርጎ ይጻፍ። እኛ በአባትና በአያት ስም የምንጠራ ሰዎች እዚህ ላይ እንሳሳታለን፤ የቤት ስም የጻፈ ሰው ፊርማው ሊሰረዝበት ይችላል። አድራሻና የተፈረመበት ቀንም እንዳይረሳ። ባል ለሚስት፣ ልጅ ለእናት መፈረም አይቻልም። ዜግነት ያላገኘና በግሪን ካርድ የሚኖር ወገናችን ደግሞ የከተማው መራጭ አይደለምና በይሉኝታ እንዳይፈርም አደራ እንላለን። ዜጋ ነኝ ብሎ በመራጭነት መመዝገብማ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል።

የማኅበራችን አቋም አጭር ነው። ይህን ፈርሙ፣ ያንን አትፈርሙ ብለን አናዝም። ሳይነበብ የሚፈረም ወረቀት ግን በሰፈራችን አይኑር። አንብበን ያመንበትን እንፈርም፤ የፈረምንበትን ደግሞ በምርጫው ቀን ወጥተን ድምፅ እንስጥበት፤ ካለፈም በሥራ ላይ መዋሉን እየጠየቅን እንከታተል። ፊርማችን ዋጋ የሚኖረው ያን ጊዜ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ