አሮጌ ብር በአመድ አይታሽ



ከአንባቢዎቻችሁ የሚበዙት እንደ እኔ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸውና፥ በየሣጥናቸው ውስጥ ከአባት ከእናት የተረፈ አንድ ሁለት አሮጌ ብር የማያጡ ይመስለኛል። ስለዚሁ ነገር ያለኝን ጥቂት ሐሳብ በዚህ ዓምድ እንድገልጥ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አባታችን ሲሞት ለእኔና ለእኅቴ ሁለት የምኒልክ ብር ትቶልን ነበር። ሁለቱም በፓሪስ ከተማ የተሠሩና የ1889 ዓመተ ምሕረት ቁጥር ያለባቸው ናቸው። እኔ ድርሻዬን ለመስቀል በዓል ላሳምር ብዬ በአመድና በሎሚ አሽቼ ነጭ አደረግሁት። እኅቴ ግን የእርስዋን በጨርቅ ጠቅልላ ከሣጥንዋ ሥር አኖረችው፤ በዓመታት ብዛት ጠርዙ ሰማያዊ፥ መካከሉ ወርቅማ መልክ አወጣ።

ባለፈው እሑድ በእኅቴ ቤት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናይ፥ ከተሰበሰቡት ዘመዶች የሚበዙት የእኔን አመሰገኑ። የእኅቴ ባልማ፥ «ይኸን የወየበ ነገር ለልጃችን ሠርግ በጊዜ እናሳሸው እንጂ!» ብለው ሊነሡ ነበር። የበኩር ልጃቸው ደግሞ፥ «የለም አባባ፤ ሰብሳቢዎች የሚወዱት ቀለም ያወጣውን ነው፤ ቀለም ካለ ሌላው ምንም አይደለም» አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ተሳስተዋል። የተሳሳቱበትንም ምክንያት የማውቀው በራሴ ጥፋት ተምሬ ነው።

የአሮጌ ብር ጥራት ሲመዘን ሦስት ነገር ይታያል፤ አመታቱ፥ ወዙና ቀለሙ።

አመታት ማለት ቅርጹ ያለበት ብረት በብሩ ላይ በወረደ ጊዜ ብሩ በቅርጹ ጉድጓድ ሁሉ ሞልቶ ገብቷል ወይስ አልገባም ማለት ነው። በምኒልክ ብር ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ፥ በጀርባውም የአንበሳው ጎፈር ጎልቶ መታየት አለበት። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። 1780 የሚል ቁጥር ያለበትን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ይመረምሩ ነበር፤ ነጥቡ ካልጎላ ሐሰተኛ ነው ብለው ይመልሱታል። ያ ጠገራ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፥ ከ1000 እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የምኒልክም ብር ከእርሱ ጋር እንዲስተካከል በዚሁ ክብደት ተሠራ።

ሁለተኛው ወዙ ነው። ብር በኀይል ሲመታ ወደ ጠርዙ እየተለጠጠ ይፈሳል፤ በገጹም ላይ በዐይን የማይለዩ እጅግ ቀጫጭን መስመሮች ይቀራሉ። ብሩን ከመብራት በታች አዘንብለው ሲያዞሩት ብርሃኑ እንደ መንኰራኵር የሚዞረው ከእነዚህ መስመሮች የተነሣ ነው። አመታቱ የደከመ ብርና በእጅ ብዛት ያለቀ ብርም በዚሁ ይለያሉ። አመታቱ የደከመ ከሆነ፥ ጎፈሩ ጠፍጣፋ ቢሆንም ወዙ በላዩ ሳይቋረጥ ያልፋል፤ ያለቀ ከሆነ ግን ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ወዙን አጥቶ ይደበዝዛል።

ሦስተኛው ቀለሙ ነው። በአየር፥ በጢስ፥ በወረቀትና በጎማ ያለው ድኝ ብሩን ሲያገኘው ስስ ሽፋን ያወጣበታል። ሽፋኑ መጀመሪያ ቢጫ፥ እየወፈረ ሲሄድ ቀይና ወይን ጠጅ፥ ከዚያም ሰማያዊ፥ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። ስስ ሆኖ ወዙ ከሥሩ ሲያበራ በእውነት ውበት ነው፤ ብሩ ሳይታሽ ለመኖሩም ምስክር ይሆናል። ነገር ግን ምስክር በሐሰት ሊቆም ይችላል። በድኝና በሙቀት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቀለም እያወጡ የሚሸጡ አታላዮች አሉ፤ የወፈረ ጥቁረትም ጭረትን ይሸፍናል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አይቶ ብር የሚገዛ ሰው ሽፋኑን አይቶ መጽሐፍ እንደሚገዛ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ብሮቻችን ልመለስ። የእኔ ብር አመታቱ ከእኅቴ ይበልጣል፤ የአንበሳው ጎፈር እስከ ዛሬ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ አንድ ዐዋቂ ሰብሳቢ በአጕሊ መነጽር አይተው፥ «ጌታዬ፥ ይኸ ብር ቆዳው ተገፏል፤ ከሚዛኑ በላይ ዋጋ የለውም» አሉኝ። አመዱ እነዚያን ቀጫጭን መስመሮች ፍቆ በምትካቸው ጭረት አኑሮባቸዋል። ብሩ እንደ ማንኪያ ያበራል እንጂ ብርሃኑ አይዞርም። ንጣት ወዝ አይደለምና! የእኅቴ ግን ከሰማያዊው ሥር ወዙ ሳይነካ አለ።

በእኔ አስተያየት እንግዲህ ወዝ ይቅደም፥ አመታት ይከተል፥ ቀለም በመጨረሻ ይቆጠር። አመታት ቢደክም የሠሪው ጉድለት ነው፤ ቀለምም ዛሬ ባይኖር ነገ ሊመጣ ይችላል። ወዝ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚመልሰው የለም። «በመድኀኒት ቢነጣስ?» የሚሉም አሉ፤ መድኀኒቱም ሽፋኑን ሲያወርድ ከብሩ ገጽ ጥቂት ይዞ ይወርዳል፤ ሲደጋገም ወዙን ያጠፋዋል።

ስለዚህ አሮጌ ብር ያላችሁ ወገኖቼ ሆይ፥ በአመድም በሎሚም በጥርስ ሳሙናም አትሹት። በጠርዙ ያዙት፤ ከእርጥበትና ከጎማ አርቁት፤ በሚለሰልስ ፕላስቲክም አታኑሩት፥ አንዳንዱ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣበታልና። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው፥ ከማሸት በፊት ዐዋቂ መጠየቅ ይሻላል።

እኅቴ ብርዋን መልሳ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። ለሙሽራይቱም እንዳለ ሊሰጣት ተስማምተናል። የእኔን ብር ሁልጊዜ ከጠረጴዛዬ ላይ አኖረዋለሁ፤ ሊያሽ የሚነሣ ዘመድ ሲመጣ አሳየዋለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ