የደላንታ ድንጋይ በኪሎ

«ጥሬውን ኦፓል ካልላክን ዶላሩ ከየት ይመጣል?» ብሎ ሰሞኑን አንድ ላኪ ሲሟገተኝ ደሜ ፈላ። የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቁኛላችሁ፤ የኦፓል ነገር ከተነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

በ2000 ዓ.ም. ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ፣ ወገል ጤና ላይ ኦፓል ሲገኝ ዓለም ጉድ አለ። እስከዚያ ኦፓል ሲባል ቀድማ የምትጠራው አውስትራሊያ ነበረች። ዛሬም ግን ብዙው ድንጋያችን በኪሎ ተመዝኖ ሕንድ፣ ጃይፑር ይወርድና እዚያ ተቀርጾ በካራት ይሸጣል። 1 ኪሎ 5,000 ካራት ነው። ሲቀረጽ ብዙው ብናኝ ሆኖ ቢቀር እንኳ ትርፉ የሚቀረው ከቀራጩ ዘንድ ነው።

«ልጆቻችን ሙያው የላቸውም» ይሉኛል። ውሸት ነው! በዚሁ ሳምንት አዲስ አበባ አንድ የደላንታ ልጅ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ድንጋዩን እንጨት ጫፍ ላይ በሰም አጣብቆ፣ ውሃ እያንጠባጠበ በሚሽከረከር ዲስክ ይሞርደዋል። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ቀለሙ ይጠፋና መስተዋት ይመስላል። እኔ ተበላሸ ብዬ ክው ስል እሱ ግን አልደነገጠም። «ሲደርቅ ይመለሳል፣ ጋሼ፤ መታገሥ ነው» አለኝ። ቀድመው የደረቁትን መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ፤ ባቄላ በምታህል ድንጋይ ውስጥ አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው ይንቦገቦጋል። ለዚህ ልጅ የጎደለው ሙያ አይደለም። የጎደለው ዲስክ ነው፤ ሲያልቅበት ከውጭ የሚመጣ ሰው ይለምናል።

ወደ ደላንታው ቁፋሮ ትመለስ ይሆን ብዬ ጠየቅሁት። «ወንድሜ እዚያው ነው» ብሎ ወደ ሥራው አቀረቀረ።

ወንድሙ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወጣቶቹ ገደሉን በዶማና በመዶሻ እየፈለፈሉ ተጎንብሰው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ብዙው ዋሻ ጣሪያውን የሚደግፍ ግንድ የለውም። ዝናብ ሲገባበት አፈሩ ይለቅና ይናዳል፤ ናዳ የበላቸው ልጆች እናቶች ደላንታ ውስጥ አሉ። ስለ ዶላር ሲወራ የልጆቹን ስም የሚያነሳ አልሰማሁም።

ስለዚህ ከዲስኩም በፊት ዋሻው ይደገፍ እላለሁ። ደላንታ ባሕር ዛፍ አላጣም። ግንዱን ገዝቶ ገደሉ ድረስ ማድረስ የላኪዎቹ ድርሻ ይሁን፤ ትርፍ እስካገኙ ድረስ ይችሉታል። የማዕድን ሚኒስቴር ደግሞ ሙያተኛ ልኮ ዋሻ በዋሻ ያስፈትሽ፤ ያልተደገፈውን ይዝጋ፤ እስኪደገፍ ድረስም ለቆፋሪዎቹ የሚበሉትን ይስጥ።