የአባባ መሥሪያ ቤት

የዛሬው ወጋችን ስለ አንዲት የጓሮ ክፍል ነው። ከውጭ ለሚያያት ምንም አይደለችም። እኛ ቤት ግን የባልና ሚስት ክርክር፣ የጎረቤት ኩርፊያና አንድ ሙሉ ክረምት ፀፀት አስከትላለች።

እናቴ ባረፈች በዓመቱ አባቴን ወደ እኛ ቤት አመጣናቸው። ይዘውት የመጡት ዕቃ አንድ ሻንጣ ልብስ፣ አንድ ሬዲዮና አንድ ከባድ የእንጨት ሳጥን ነበር። ሳጥኑን ለሁለት ተሸክመን አልጋቸው ሥር ገፋነው። ውስጡ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ አለ፤ አርባ ዓመት በአናጺነት ያሳደጉን በእነዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይከፈት ቆየ። አባቴ ጠዋት በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ፀሐይዋን እየተከተሉ ወንበራቸውን ያዞራሉ፤ ይመሻል። «ምን ጎደለዎት?» ስንላቸው «ኧረ ምንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሳቸው።

ጓሯችን ውስጥ ባዶ ቦታ አለ። የባለቤቴ ሐሳብ እዚያ ላይ አንዲት ክፍል ሠርቶ ማከራየት ነበር። እኔም አልተቃወምኩም፤ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ ሲጨምር ማን ኪራይ ይጠላል? ነገሩን የቀየረው የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር ልንጥል ስንል «ተዉት፣ አባባ ይሠራዋል» አለና በርከክ ብሎ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር መጎተት ጀመረ። አያትና የልጅ ልጅ በረንዳው ላይ ሲያለኩ፣ ሲቆርጡ ዋሉ። ማታ ወንበሩ ቆመ። አባቴም ራት ላይ፣ በወጣትነታቸው ስለሠሯቸው ቤቶች ሲያወሩ አመሹ። ባለቤቴ ከራት በኋላ «ኪራዩ ይቆየን» አለኝ።

ከዚያ ያጠፋነው እኛ ነን። አባባን ድንገት ለማስደሰት ብለን ሳንጠይቃቸው ሠራነው። የቀን ሠራተኛ ቀጠርን፤ የተረፈ ቆርቆሮ ሰበሰብን፤ በአራት ቀን ጨረስን። አባቴ ዞር ዞር ብለው አዩትና «እጃችሁ ይባረክ» ብለው ዝም አሉ። ዝምታቸው የገባን ሐምሌ ላይ ነው። ጎረቤታችን ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና «ልጄ፣ የእናንተ ጣሪያ የኔን ግድግዳ እያጠበው ነው» አሉኝ። ውስጥ ስንገባ ውሃው ቁርጭምጭሚት ደርሷል፤ ያ የአርባ ዓመት መጋዝ ዝጓል። አባቴ አልተቆጡም። «ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚታሰበው ውሃ ነው» ብቻ አሉ። መስቀል ካለፈ በኋላ አፍርሰን እንደገና ሠራነው፤ በዚህኛው ግን አለቃው እሳቸው ነበሩ። የተማርነውን ላካፍላችሁ።

አባቴ ገና ክረምቱ ሳያልቅ ጥላ ይዘው ጓሮው ውስጥ ቆሙ። ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አይተው በድንጋይ ምልክት አደረጉ። በጋ ላይ የታቀደ ነገር ይህን አያሳይም። ቀጥለው የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን፣ የውሃ ቆጣሪውንና የመብራት ሽቦውን መስመር አዩ። ጉድጓዱ ላይ የተሠራ ክፍል፣ የፍሳሽ መኪና የመጣ ዕለት ይፈርሳል። እናንተም ምስማር ከመግዛታችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፤ በተለይ የምትኖሩት በቀበሌ ቤት ከሆነ።

የጣሪያ ውሃ ቀላል ሒሳብ አለው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። ጣሪያችሁ አሥር ካሬ ሜትር ቢሆንና 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ በርሜል ውሃ ይወርዳል። ያን ሁሉ ስንት ቀን ጎረቤታችን ግድግዳ ላይ ደፍተናል! አሁን ጣሪያው ወደ እኛው ግቢ ያዘነብላል፤ በሦስት ሜትር ርዝመት ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አሸንዳው ውሃውን ወደ በርሜል ይወስዳል፤ ጎመኑም ይጠጣበታል።

ወለሉ ከግቢው መሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ከሥር ድንጋይ ተነጥፎ ተጠቀጠቀ፤ በላዩ አሥር ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ተሞላ። ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ለሆነው ወለላችን ስድስት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ በቃን። ልጄ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ የማጠጣት ሥራ ተሰጠው። ቶሎ የደረቀ ኮንክሪት ይሰነጠቃልና።

ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው። ልጣጩ ካልተላጠ ነፍሳት ይራቡበታል፤ በደንብ ካልደረቀም ይጣመማል። ደግሞም አፈር ውስጥ አልቀበርናቸውም፤ ምስጥ ያውቃቸዋል። ኮንክሪቱ ውስጥ በቆመ ብረት ላይ በቡሎን ታሠሩ። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል። ምስማሩ የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ከተመታ ማፍሰሱ አይቀርም።

ውስጡን አባቴ የለኩት በሰውነታቸው ነው። ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፤ የእጃቸው አንጓ የደረሰበት ከፍታ የጠረጴዛው ከፍታ ሆነ። ከዚያ ዝቅ ቢል ወገብ ይጎዳል፤ ከፍ ቢል ትከሻ ይደክማል። ለልጁ ሁለተኛ ጠረጴዛ አልሠሩም፤ የማይነቃነቅ መቆሚያ ሠሩለት፤ «እሱ ያድጋል፣ ጠረጴዛው ይጠብቀዋል» ብለው። መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው። በምዕራብ ቢሆን የከሰዓት ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ትገባ ነበር። በሩ ደግሞ ከጠረጴዛው ጫፍ ትይዩ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ፤ የአራት ሜትር ጣውላ ሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ የሚቆረጠው ትርፉ በበር ሲወጣ ነዋ!

ስለ ደኅንነትም ልጨምር። መብራቱን በመስኮት በተንጠለጠለ ማራዘሚያ አትውሰዱ፤ ባለሙያ የራሱ ማጥፊያና የመሬት ሽቦ ያለው መስመር ይዘርጋላችሁ። ቀለምና ቤንዚን ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ። አያቶች ሆይ፣ ቢበርዳችሁም በር ዘግታችሁ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ የሚገድለው መርዝ ሽታ የለውም። ልጃችን መዶሻና የእጅ መጋዝ ተፈቅዶለታል፣ ያውም አባባ ባሉበት። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ግን ገና አይነካም። ድምፅም ለጎረቤት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1225፣ ባለቤት የሆነ ሰው ከመጠን ባለፈ ጭስና ድምፅ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። እኛ ቤት እሑድ ጠዋት መዶሻ አይሰማም።

እርግጥ ኪራዩ ቀርቶብናል። ወር መጨረሻ ላይ ይሰማናል፤ አልዋሻችሁም። ቦታ የሌላቸው ቤተሰቦች እንዳሉም አውቃለሁ። ለእነሱ የበረንዳ ጥግና አንድ የሚታጠፍ ጠረጴዛም ይበቃል። እኔ የምለው ሳንጠይቃቸው አንሥራላቸው ነው። እኛ ለአባቴ ቤት ልንሰጣቸው ፈልገን ነበር፤ የጎደላቸው ግን ሥራው ራሱ ነበር።

አዲሱ ክፍል እንዳለቀ የመጀመሪያው ሥራ የጎረቤታችን በር ሆነ። ክረምቱ አሳብጦት አልዘጋ ብሎ ነበር። አባቴ በመላጊያቸው አስተካከሉት፤ ሒሳብም አልተቀበሉም። ጎረቤታችንም አንድ ትሪ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ፤ ኩርፊያውም በዚያው አለቀ።

የዛገውን መጋዝ አያትና የልጅ ልጅ ለሁለት ሆነው በአሸዋ ወረቀት ጠረጉት። ሙሉ በሙሉ አልጠራም፤ ጥቁር ነጠብጣቡ እስካሁን አለ፤ ግን ይቆርጣል። አሁን ስልክ ተደውሎ «አባባ የሉም?» ሲባል ልጄ ተቀብሎ «መሥሪያ ቤት ናቸው» ይላል። ደዋዩ ግራ ይጋባል፤ አባቴ ጡረታ ከወጡ ስንት ዘመናቸው!

እስቲ በዚህ ሳምንት እናንተም የአባታችሁን አልጋ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ቸር እንሰንብት።