የጓጉንቸሩ ሆድ ይታይ

ርካሽ ጓጉንቸር ሳይበላሽ እንዴት እንደሚፈታ ማስተማር ለሌባ መንገድ መጥረግ ነው የሚሉ አሉ። ስጋቱ የቆየ ነው፤ በ1851 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አልፍሬድ ሆብስ ለንደን ላይ አይበገሬ የተባሉትን የቸብና የብራማ ኩባንያዎች ቁልፎች ሲከፍትም ተነሥቶ ነበር። የሆብስ ወገን መልስ ሌባው ቀድሞ ያውቀዋል የሚል ነው፤ ከዚያ የተሻለ መልስ እስካሁን አልሰማሁም። የማያውቀው ገዢው ነው። ከውጭ ሁሉም ያብለጨልጫል። በራሱ ቁልፍ ከፍቶ የታጠፈው ብረት የሚገባበትን ቀዳዳ በባትሪ ብርሃን ላየው ግን ልዩነቱ ይገለጣል። አንዳንዱ እዚያ ውስጥ ብሎን አለው፤ በቀጭን ካቻቢቴ ሲፈታ የቁልፍ ማስገቢያው እንዳለ ወጥቶ ይጸዳል፣ ይቀየራል። ጓጉንቸሩ ተቆልፎ ሳለ ብሎኑ ስለማይደረስበት ሌባው ምንም አያተርፍም። በብዙዎቹ ርካሾች ግን ፒንና ሞላ የገቡባቸው ቀዳዳዎች በነሐስ ተደፍነው ተሞርደዋል፤ ካልተሰረሰሩ አይከፈቱም፤ አንዲት ሞላ ብትዝግ ዕቃው በሙሉ ይጣላል።

ርካሽ ከሆነ ሌላ መግዛት አይቀልም ወይ? ለአንድ ጊዜ፣ አዎ። በር፣ ሳጥንና ሱቅ ላለው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ለሚገዛ ግን ርካሽነቱ የት አለ? ሻጩ ‹‹ይፈታል ወይስ አይፈታም?›› ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም ማሸጊያው ላይ ይጻፍ።