የዱቤው ደብተር ወደ ክፍል ይግባ



እዚህ ናይሮቢ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ካለው ቤተሰብ የሚመጣ ተማሪያችን ሁሉ አንድ ደብተር ያውቃል። ሽፋኑ ዘይት የጠጣ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ ከገንዘብ መሳቢያው ሥር የሚቀመጥ ደብተር። ማን ስንት ኪሎ በርበሬ ወሰደ፣ ማን ግማሹን ከፈለ፣ ማን “ለወር መጨረሻ” ብሎ ሄደ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። እኛ ደግሞ ያንኑ ልጅ ኮምፒውተር ክፍል አስቀምጠን ዳታቤዝ ስናስተምረው “የተማሪ ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል” የሚል ሠንጠረዥ እያስሠራነው ዓመታት አለፉ። ልጁ ፈተናውን ያልፋል፤ በሳምንቱ ይረሳዋል። ልንወቅሰው አንችልም። የተማሪዎቹን ዕድሜ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቶ ለማን ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። የዳታቤዝ ትምህርት ከዚያ ደብተር ይጀመር እንላለን።

ሐሳቡ የመጣው ከጠብ ነው። ከወላጆቻችን አንዷ ለምግብ ቤቶች እንጀራና በርበሬ ያቀርባሉ። በመጋቢት አጋማሽ ከአንድ የቆየ ደንበኛቸው ጋር የሦስት ወር ሂሳብ ሊተሳሰቡ ተቀመጡ፤ የሁለቱ መዝገብ አልገጠመም። እሳቸው ቀን የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። በወረቀቱ ላይ 3/5 ብለው ሲጽፉ ጥር 3 ማለታቸው ነበር። የምግብ ቤቱ ሂሳብ ሠራተኛ ግን ሜይ 3 ብሎ አነበበው። ሜይ ገና አልገባም። ገና ባልመጣ ቀን የተጻፈ ወረቀት ደግሞ ምን እንደሚያስመስል ታውቃላችሁ። “አጭበርባሪ” የሚለው ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፤ ነገር ግን ሁለቱም ሰምተውታል። ነገሩን የፈታችው 10ኛ ክፍል የምትማር ልጃቸው ናት። በማግስቱ የኮምፒውተር መምህሯ ዘንድ ሄዳ “ለእማዬ ቀን የማያምታታ ነገር መሥራት እችላለሁ?” ብላ ጠየቀች።

ይህን ስንሰማ ፈገግ ለማለት አልደፈርንም። ምክንያቱም እኛም ከዚያ የተሻለ መዝገብ አልነበረንም። የትምህርት ቤት ክፍያ የምንይዘው በኤክሴል ነበር። በአንድ ዓመት ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት ልጆች በተለያየ ክፍል ነበሩን፤ የአንዱ ክፍያ በሌላው ስም ተመዘገበ። በጊዜው ለከፈሉ አባት “ዕዳ አለብዎት” የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤውን የፈረምነው እኛ ነን። ይቅርታ ጠይቀናል፤ አባትየው ግን ያን ወረቀት እስካሁን በኪሳቸው የያዙት ይመስለናል።

ኤክሴልን አንንቅም። አንድ ሰው አንድ ዝርዝር ሲይዝበት ጥሩ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ደንበኛ፣ ዕቃና ክፍያ ባንድ ገጽ ሲቀላቀሉ ነው። የደንበኛው ስልክ በ07 ሲጀምር ኤክሴል ቁጥር መስሎት ዜሮዋን ይበላታል። ስልኩ ሲቀየር በሃምሳ ረድፍ ላይ መታረም አለበት፤ ሠላሳው ይታረምና ሃያው ይቀራል። በ1970 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኤድጋር ኮድ ያቀረበው ሐሳብ ለዚህ መልስ ይሰጣል። መረጃ በተለያዩ ሠንጠረዦች ይቀመጥ፣ ሠንጠረዦቹም በመለያ ይገናኙ አለ። ዛሬ ባንኩም ሆስፒታሉም በዚህ ይሠራል። የአንዲት እናት የበርበሬ ንግድ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ልጅቷና አምስት የክፍል ጓደኞቿ ሥራውን በሊብሬኦፊስ ቤዝ ጀመሩት። ፕሮግራሙ በነፃ ስለሚገኝ ነው እንጂ በማይክሮሶፍት አክሰስም ያው ነበር። አምስት ሠንጠረዥ አወጡ። ደንበኞች፣ ዕቃዎች፣ ደረሰኞች፣ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ያሉት ዕቃዎች ዝርዝር፣ በመጨረሻም ክፍያዎች። “ክፍያ ለምን ለብቻው? ‘ተከፍሏል’ የሚል ምልክት ደረሰኙ ላይ ብናደርግስ?” ያለ ነበር። መልሱን የሰጠችው ያቺው ልጅ ናት። “ደንበኛ የደረሰኙን ልክ ይዞ መጥቶ አያውቅም። ዛሬ ሁለት ሺህ፣ ዓርብ አንድ ሺህ ይሰጣል፤ አንዳንዴ ለሦስት ደረሰኝ አንድ ጊዜ ይልካል።” ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችውም፤ ከመሳቢያው አጠገብ ቆማ ነው ያየችው።

የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ግን የተሰጠው በስህተት ነው። ልጆቹ ደረሰኙ የበርበሬውን ዋጋ በቀጥታ ከዕቃዎች ሠንጠረዥ እንዲያነብ አድርገው ሠሩት። ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ዋጋው ባንድ ቦታ ተጽፎ ሁሉም ከዚያ ይወስዳል። መምህሩ ምንም ሳይናገሩ የኪሎውን ዋጋ ከ900 ሽልንግ ወደ 1,100 ቀየሩና “ያለፈውን ወር ክፈቱ” አሉ። 12 ኪሎ ወስዶ 10,800 ሽልንግ የከፈለ፣ ዕዳ ያልነበረበት ደንበኛ በአንድ ጊዜ የ2,400 ሽልንግ ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዝም አለ። የሽያጩ ዕለት የነበረው ዋጋ በደረሰኙ ዝርዝር ላይ ተገልብጦ መቅረት እንዳለበት፣ የዛሬ ዋጋና የዚያን ቀን ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ከዚያ በኋላ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። እንዲሁም የተሳሳተ ደረሰኝ አይሰረዝም። ቁጥሩን እንደያዘ “ተሽሯል” ይባልና ሌላ ይጻፋል፤ በመሃል ቁጥር የጎደለበት ጥራዝ ጥያቄ ያስነሳልና።

ኤም-ፔሳ እዚህ ላይ ረዳቸው። በእያንዳንዱ መልእክት ላይ የምትመጣው አሥር ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባት ኮድ አትደገምም። ልጆቹ ያቺን ኮድ የክፍያው መለያ አደረጓት፤ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ሲል ፕሮግራሙ እምቢ ይላል። እናትየው በጣም የወደዱት ይህን ነው፤ እናትና ልጅ አንዱን ክፍያ ሁለት ጊዜ የጻፉበት ቀን ጥቂት አይደለምና።

የራሳችን ቋንቋም የራሱን ፈተና አመጣ። ፀሐይ የተባሉ ደንበኛ ቢኖሩ አንዱ “ፀሐይ”፣ ሌላው “ጸሃይ”፣ ሦስተኛው “ፀሀይ” ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ዕዳቸውም ለሦስት ይከፈላል። ስለዚህ ስም በየጊዜው መጻፍ ቀረ፤ ደንበኛው አንዴ ይመዘገብና ከዚያ በኋላ ከዝርዝር ይመረጣል። ቀኑንም ፕሮግራሙ በሚያውቀው በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጠው፣ በሚታተመው ወረቀት ላይ ግን የወሩን ስም በፊደል፣ በሁለቱም አቆጣጠር አወጡት። “ጥር 3” ብሎ የሚነበበውን ሜይ የሚያደርገው የለም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት “ልጄ የቤቴን ገበና ክፍል ውስጥ አይዘረግፍም” አሉ። ልክ ናቸው። የሰው ዕዳ ምስጢር ነው፤ የባለዕዳው ልጅ እኮ እዚያው ክፍል ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ በትምህርት ቤት የምንሠራው በፈጠራ ስምና በፈጠራ ቁጥር ብቻ ይሆናል፤ እውነተኛው መረጃ በቤት፣ በይለፍ ቃል ተዘግቶ ይቀመጣል፤ መምህርም ቢሆን አያየውም። ሌላ ወላጅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ግብር ጠየቁን። እዚህ ላይ መሸፋፈን አንፈልግም። የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ኢቲምስ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ በ2023 እ.ኤ.አ. አምጥቷል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮም በዚያ ደረሰኝ ያልተደገፈ ወጪ ከግብር ሂሳብ አይቀነስም። ምግብ ቤቶቹ ደረሰኝ የሚወተውቱት ለዚህ ነው። የልጆቹ ሥራ ያንን አይተካም፤ ለባለሥልጣኑም አይልክም። ማን ምን ያህል እንደገዛ በእጁ የያዘ ነጋዴ ግን የመንግሥቱን ደረሰኝ ሲቆርጥ አይደናገርም፤ ያልሸጠውንም ሸጠሃል ሲባል የሚያሳየው ነገር አለው።

ከሁሉም የከበደን ተቃውሞ የመጣው ከራሳችን መምህራን ነው። “ልጆቹን የቤት ሂሳብ ሠራተኛ ልታደርጓቸው ነው” አሉን። እውነት አላቸው። የእኛ ልጆች አስቀድመው የቤታቸው አስተርጓሚዎች ናቸው። በስዋሂሊ የመጣውን ደብዳቤ የሚያነቡት፣ በክሊኒክ ከእናታቸው ጎን የሚቆሙት፣ የባንኩን ቅጽ የሚሞሉት እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ ማታ ማታ ደረሰኝ ማስገባት ቢጨመርባቸው ትምህርቱ መቼ ይጠናል? ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድስ ፕሮግራሙን ማን ይነካዋል? የማይነካ ከሆነ በሁለተኛው ወር ሁሉም ወደ ደብተሩ ይመለሳል፤ ያውም ክፍት የሆነ ሂሳብ ይዞ።

ስለዚህ አንድ ግዴታ አስቀምጠናል፤ እሱ ላይ አንደራደርም። መዝገቡን የሚያስገባው ወላጁ ነው። ልጁ ይሠራል፣ ያሳያል፣ ሲበላሽ ያስተካክላል፤ ቁልፉን የሚጫኑት ግን አባት ወይም እናት ናቸው። ለዚህም የማስገቢያው ቅጽ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ባንድ ገጽ ሆኖ መሠራት አለበት፤ እንደዚያ ያልተሠራ ሥራ ውጤት አያገኝም። ያቺ ልጅ ቅጹን አራት ጊዜ አፍርሳ ሠርታዋለች፤ እናቷ በየጊዜው “ይሄ ምንድን ነው?” ሲሉ። እናትየው አሁን ባንድ ጣት፣ ቀስ ብለው፣ ግን ራሳቸው ያስገባሉ። ደብተሩንም አልጣሉትም። መብራት ሲጠፋ እዚያ ይጽፉና ሲመጣ ይገለብጣሉ። እኛም ጣሉት አንልም፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጠው ከሱቁ ውጭ እንዲያስቀምጡ ብቻ እንለምናለን።

በመጪው ዓመት የመጀመሪያ ወሰነ ትምህርት ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ትምህርቱን በዚህ መንገድ እንጀምራለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ለወላጆችም ክፍት ይሆናል፤ መምህር ይኖራል፣ ቡናም ይኖራል። ስትመጡ ከዱቤ ደብተራችሁ ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ፣ ስሞቹን በእስክሪብቶ አጥፍታችሁ አምጡልን። ዋናውን ደብተር እዚያው መሳቢያችሁ ውስጥ ተዉት።