ለባለ እጁም የሚደርስ ሕግ



በሰሜን ሸዋ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው ባለ እጅ ይባላሉ፤ ስድብ ሲፈለግ ደግሞ ጠይብና ቡዳ። ከፊሎቹ የዘር ሐረጋቸውን ከኢትዮጵያ አይሁድ፣ ከቤተ እስራኤል ይመዝዛሉ። በአዲስ አበባ ቀጨኔ የሚኖሩት፣ ራሳቸውን ቤተ አብርሃም የሚሉት ወገኖችም አባቶቻቸው ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ እንደሄዱ ይናገራሉ።

በእነሱ ላይ የሚወራው ከስድብ ያልፋል። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል፤ ልጅ ሲታመም በላው የተባለው ሰው ስም ይነሣል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም አይሁድ የክርስቲያን ልጆችን ደም ያፈስሳሉ ይባል ነበር። በ1348 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ሲገባ የውኃ ጉድጓድ መርዘዋል ተብለው በየከተማው ተቃጠሉ። እዚህም እዚያም ምክንያቱ ላልታወቀ መከራ በዳይ ተደርጎ የሚያዘው ጎረቤት ነው። ክሱ ማስረጃ ስለማይጠይቅ ተከሳሹ የሚከላከልበት መንገድ የለውም።

መንግሥት በዚህ ጉዳይ እጁን ያስገባው ዛሬ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው፣ ተሳዳቢው አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዋል። አሁን የሚሠራው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። አዋጁ በጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። ትምህርታዊ ጥናት፣ ዜና፣ የፖለቲካ ትችት፣ ኪነ ጥበብና ሃይማኖታዊ አስተምህሮ ከክልከላው ውጭ ናቸው።

የአዋጁ ክፍተት ያለው በጥላቻ ንግግር ትርጓሜው ላይ ነው። አዋጁ የሚጠብቀው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት የሚለይን ወገን ነው። የሰሜን ሸዋ ባለ እጅ ግን ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ብዙው ክርስቲያን ሆኖ ይኖራል። የሚጠቃው በሙያውና በትውልዱ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ማኅበራዊ አመጣጥንና ትውልድን በስም ጠርቶ እኩልነትን ሲያረጋግጥ፣ አዋጁ ሁለቱንም ትቷቸዋል። ዘር የሚለው ቃል ይሸፍናቸዋል ብሎ መከራከር ቢቻልም፣ በወንጀል ሕግ ሰውን በትርጉም መቅጣት አደገኛ ነው። ስለዚህ ሁለቱ በግልጽ ሊጨመሩ ይገባል።

ዝርዝሩ ሲሰፋ የመናገር ነፃነት ይጠባል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ጀርመን በናዚዎች የተፈጸመውን የአይሁድ ጭፍጨፋ በአደባባይ መካድን በወንጀል ትቀጣለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በበኩሉ በ1969 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ፣ ለቅርብ የሕግ ጥሰት ሆን ብሎ የሚያነሣሣና ያንኑም ሊያስከትል የሚችል ካልሆነ በቀር ኃይልን ወይም ሕግ መጣስን የሚደግፍ ንግግር አይቀጣም ብሏል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 መካከለኛውን መንገድ ይዟል፤ ሐሳብን በይዘቱ ምክንያት መገደብን ይከለክላል፣ ሰብአዊ ክብርን ለመንካት ታስቦ በአደባባይ የሚነገረው ግን በሕግ እንዲከለከል ያዛል።

በዚህ ሚዛን በቡዳ ማመን፣ ስለ ቡዳ ተረት መንገር ወይም ማጥናት ወንጀል ሊሆን አይችልም። በገበያ፣ በስብሰባ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ አንድን ቤተሰብ ቡዳ ነው ብሎ እንዲገለል ወይም እንዲመታ መቀስቀስ ግን ሊያስጠይቅ ይገባል። ፍርድ ቤት የተናጋሪውን ሐሳብ፣ ንግግሩ የደረሰበትን ሕዝብ ብዛትና ጥቃት የማስከተል ዕድሉን እንዲመዝን ማሻሻያው ቢደነግግ፣ ባለ እጁም ተናጋሪውም ሕግ ያገኛሉ።

አንባቢ፣ ከራቤል