ተመልካችን ከቴአትር ቤት በር መመለስ ይቁም!

ባለፈው እሑድ ከከተማችን ቴአትር ቤቶች በአንዱ በር ላይ የተፈጸመው በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ጀምሮ የተሰለፈው ሕዝብ፣ ገሚሱም ትኬቱን አስቀድሞ የቆረጠ ነበር፣ «አዳራሹ ለስብሰባ ስለተፈለገ የዛሬው ቴአትር አይታይም» ተብሎ ተመልሷል። ማስታወቂያው በሩ ላይ የተለጠፈ፣ በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው። ወጥቶ ይቅርታ የጠየቀ ኃላፊ አልነበረም። ተዋንያኑ ራሳቸው ነገሩን የሰሙት ከተመልካቹ እኩል ነው። ሰሞኑን ጉዳዩ ይህን ያህል መነጋገሪያ የሆነው ሰዉ ደጋግሞ ስላየውና ትዕግሥቱ ስላለቀ ነው።

ስለ ኪነ ጥበብ ውይይት በተደረገ ቁጥር «ተመልካች ጠፋ» የሚለው እሮሮ ይሰማል። ጥፋቱም በስልኩ፣ በዩቲዩቡ፣ ወደ አማርኛ ተመልሰው በየቤቱ በሚገቡት የውጭ ድራማዎችና በኑሮ ውድነቱ ላይ ይጣላል። ድርሻ የላቸውም አንልም። በዚህ ጋዜጣ እምነት ግን ተመልካችን ከመድረክ ያራቀው ትልቁ ነገር ቴአትር ቤቶች ለሰቀሉት ማስታወቂያ አለመታመናቸው ነው።

በአዲስ አበባ ቴአትር የሚኖረው በቀኑ ነው። አንድ ሥራ መድረክ ሲያገኝ ቀንና ሰዓት ይቆረጥለታል። «ዘወትር እሑድ በ8፡00 ሰዓት»፣ «ዘወትር ረቡዕ በ11፡30 ሰዓት» ተብሎ ባነሩ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ ከቀናውም ለዓመታት፣ በዚያው ቀን ይታያል። የቴአትር ትልቁ ማስታወቂያ ደግሞ የተመልካች አፍ ነው። ዛሬ ያየው ነገ ለሥራ ባልደረባው ያወራል፣ ባልደረባው ለእህቱ ይነግራል፣ እህትየው በሦስተኛው ሳምንት ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች። «እሑድ ሄደሽ እዪው» ያለ ሰው በቃሉ ዋስ ሆኗል። እሑድ ሄዳ በሩ ተዘግቶ ካገኘችው ዋሱም አብሮ ያፍራል፤ ሁለተኛ ለማንም «ሂድ» አይልም። ባዶ ወንበር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የታጠፈችው አንዲት እሑድ የምትወስደው የዚያን ዕለት ገቢ ብቻ ሳይሆን፣ የሚቀጥሉትን ሳምንታት ተመልካችም ጭምር ነው።

ቴአትር ለማየት የሚወጣ ሰው የሚከፍለውንም እናስብ። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ ወይም ከአያት ኮንዶሚኒየም ተነስቶ መሀል ከተማ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ታክሲ ይያዛል። ልጆች ካሉ የሚጠብቃቸው ሰው ይለመናል። ለብዙ ቤተሰብ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱና ሻይ ቡናው ከትኬቱ ይበልጣል። በሥራ ቀን 11፡30 የጀመረ ቴአትር ሲያልቅ መሽቷል፣ የታክሲ ሰልፉም ረዝሟል። ይህን ሁሉ ችሎ የመጣን ሰው «ትኬቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ያገለግላል» ብሎ መሸኘት ግፍ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ልመና ይጠይቃልና። እኛ በዚያ በር ያነጋገርናቸው አንዲት እናት ይዘዋት የመጡትን የልጅ ልጃቸውን እጅ እንደያዙ «ለእሷ ምን ብዬ ላስረዳት?» ብለውናል። ልጅቷ ቴአትር ልታይ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር።

ይህ ሕዝብ ቴአትር አይወድም የሚል ካለ ታሪኩን ይጠይቅ። በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ሲያንዣብብ የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተው ሕዝብን ሰብስቦ ለማንቃት ነበር፤ ሕዝቡም ተሰብስቧል። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ከሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራው ተመልካች ይመጣል ተብሎ ነው፤ መጥቷልም። አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን የፀጋዬ ገብረ መድኅን «ሀ ሁ በስድስት ወር» ለመድረክ ሲበቃ ሕዝቡ አዳራሹን አጥለቅልቆታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ አዳራሾችን አዘግቶ ከወራት በኋላ በሩ ሲከፈት ተመልሶ የመጣ ተመልካች አለ። አዲስ ከተማ የነበረው ራስ ቴአትር ለዳግም ግንባታ ፈርሶ ዓመታት ሲቆጠሩ እንኳ ያ ተመልካች ሌላ በር ፈልጎ ሄዷል። ወረርሽኝ ያላስቀረውን ሰው በእጅ በተጻፈ ወረቀት ማስቀረት ያሳዝናል።

መንግሥት ስብሰባ ማካሄዱን አንቃወምም። ከነዋሪው ጋር መመካከርም፣ ሠራተኛን ማሠልጠንም ተገቢ ሥራ ነው፤ አዳራሽም ይፈልጋል። ዳሩ ግን ከተማችን የአዳራሽ ችግር አለባት የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከነአዳራሾቹ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው የሚያስተናግደው የአዲስ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ተከፍቷል። የከተማዋን ሆቴሎች ሳንቆጥር ማለት ነው። ስብሰባ በየትኛውም አዳራሽ ይካሄዳል። ቴአትር ግን ዲኮሩ፣ መብራቱና አልባሳቱ ከአንድ መድረክ ጋር የተሰፋ ነው፤ በአንድ ጀንበር ተነቅሎ ሌላ ቦታ አይተከልም። ተሰብሳቢዎቹም ቢሆኑ በር ላይ ማን እንደተመለሰ ቢያውቁ ደስ የሚላቸው አይመስለንም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ወራት የፈጀ ልምምድ ያደረጉ፣ ገቢያቸው በር ላይ ከሚቆረጠው ትኬት ብቻ የሆነ የግል አዘጋጆች አሉ። አንድ ቀን ሲታጠፍባቸው የሚያካክስላቸው የለም፤ አቤት የሚሉበት ቦታም አይታወቅም። ሁለት ሦስት ጊዜ የደረሰበት አዘጋጅ ገንዘቡንም ልቡንም ይዞ ወደ ፊልምና ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ይሄዳል። ሄደዋልም።

ስለዚህ ቴአትር ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት የፌዴራልና የከተማ መሥሪያ ቤቶች ለአንድ ቴአትር የተሰጠ ቀንና ሰዓት በስልክ ትዕዛዝ እንዳይነካ በጽሑፍ መመሪያ ያውጡ። የማይቀር አስገዳጅ ነገር ቢመጣ እንኳ ሕዝቡ ቢያንስ ከሳምንት በፊት በሬዲዮ ይነገረው። አዘጋጁ ካሳ ያግኝ። ትኬት የቆረጠ ሰው ገንዘቡ እዚያው በር ላይ፣ በዚያው ቀን ይመለስለት። የቴአትር ቤት ኃላፊዎችም «ከበላይ ታዘን ነው» ብለው ቢሯቸው ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ ወጥተው ተመልካቻቸውን ፊት ለፊት ያናግሩ።

ይህ ርዕሰ አንቀጽ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ባለፈው እሑድ ከበር ለተመለሱት ተመልካቾች የትኬት ገንዘባቸው አልተከፈላቸውም። ይከፈላቸው!